የእንሰት መፋቂያው ማሽን የማን ይሁን?



አብዛኞቻችን ቆጮን የምናውቀው ከክትፎ አጠገብ ሲቀርብ ነው። ከወራቤ፣ ከቡታጅራ፣ ከወልቂጤ፣ ከሆሳዕና ወይም ከሲዳማ የመጣችሁ ግን ክትፎ በሌለበት ቀን ሁሉ በጎመን፣ በአይብ፣ ሲጠፋም በቡና ብቻ በልታችሁት አድጋችኋል። ለእናንተ ምግቡን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ምናልባት ሥራውን እንኳ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

እኛ ምህንድስና የምንማረው ተማሪዎች ዘንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ በሚመረጥበት ሰሞን «የእንሰት መፋቂያ ማሽን» የሚለው ርዕስ አይጠፋም። ርዕሱ ጥሩ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው፣ ሞተር አለው፣ ምላጭ አለው፣ የሚሰላ ነገር ሞልቶታል። ሆኖም ከስሌቱ ውጭ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ፦ ማሽኑ ተሠርቶ መንደር ሲገባ ባለቤቱ ማን ይሆናል? ጥያቄው ለኢኮኖሚክስ ወይም ለሶሺዮሎጂ ተማሪ የሚተው ይመስላል። እኔ ግን ከዲዛይኑ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ከተክሉ ልጀምር።

እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን ብቻ ያየ ሰው ሙዝ ነው ቢል አይፈረድበትም። ዱር በቀል የሆነው እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አለ። አልምቶ ዋና ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ስልጤ፣ ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ሀዲያ፣ ከምባታ፣ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጌዴኦ፣ ከፋና ሌሎችም በየራሳቸው ስምና ዘዴ ያለሙታል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በሙሉም በከፊልም በእርሱ ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ይነገራል። ለመድረስ እንደ ቦታው ከፍታ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ በደጋ ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። በየዓመቱ የሚታጨድ ሰብል አይደለም፤ ጓሮ ውስጥ የቆመ ተቀማጭ ነው ማለት ይቻላል። ዝናብ ሲያጥር በቆሎው ይደርቃል፣ እንሰቱ ግን ውሃውን በሰውነቱ ይዞ ይቆያል። ቤተሰቡ ሲቸገር አንዱን ይጥላል፣ ሲመቸው ያቆየዋል።

ከቆመው ተክል እስከ ቆጮው ያለው መንገድ ረጅም ነው። ግንድ የሚመስለው ክፍል እንጨት የለውም፤ እርስ በርሳቸው ተጠቅልለው የቆሙ የቅጠል እግሮች ናቸው። እነዚህ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ዘንበል ብሎ በቆመ ጣውላ ላይ ቅጠሉን ታስደግፍና በእግሯ ትይዘዋለች። ከዚያም ከቀርከሃ በተሠራ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ለስላሳው ክፍል ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ደግሞ ጥርስ ባለው እንጨት ተከትክቶ እንደ ገንፎ ይደቅቃል። (ለዚህ ያልተፈለገው ሥር እንደ ድንች ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል።) ከተፋቀው ሲጨመቅ የሚወጣው ፈሳሽ አይደፋም። ሲረጋ ከታች ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል፤ ያ ቡላ ነው፣ በገበያም ከቆጮው በዋጋ ይበልጣል። የቀረው ከደቀቀው ሥር ጋር ይደባለቅና በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። አየር እንዳይገባው በቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫንበታል። በቆላማ ቦታ ከሳምንታት በኋላ ይደርሳል፤ በደጋ ወራት ይቆያል፣ ከዓመት በላይ የሚቀመጥም አለ። በየመሃሉ ተከፍቶ ይገለበጣል፣ ቅጠሉም ይቀየራል።

ይህን ቅደም ተከተል የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ቢያየው መማሪያ መጽሐፉን ያየ ይመስለዋል። ማድቀቅ አለ፣ ጠጣርን ከፈሳሽ መለየት አለ፣ ማዝቀጥ አለ፣ አየር በሌለበት ማብላላት አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አሲዱ ሲጨምር ምግቡን የሚያበላሹት ተሐዋስያን ይዳከማሉ። ሴቲቱ መለኪያ መሣሪያ የላትም። በሽታው፣ በቀለሙና በእጇ ስትጨብጠው በሚሰጣት ስሜት «ደርሷል» ወይም «ይቆይ» ትላለች። በየሴሚናሩ «አገር በቀል እውቀት» የሚለው ቃል ብዙ ይነሳል። የእውቀቱ ባለቤት ማን እንደሆነች ግን ብዙ ጊዜ አይጠቀስም።

እውቀቷ በጉድጓዱ አያበቃም። በየአካባቢው በስም የተለዩ በርካታ የእንሰት ዝርያዎች አሉ። አንዱ ለቆጮ ይመረጣል፣ ሌላው አሚቾው ይጣፍጣል፣ ሌላው ቃጫው ጠንካራ ነው፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ተመርጦ የሚሰጥም አለ። ማባዛቱና መትከሉ በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ሲሆን የትኛው ለምን እንደሚሆን በጣዕምና በእጅ ለይታ የምታውቀው እርሷ ናት። የግብርና ባለሙያ ቢላዋ ይዞ መጥቶ «ምርታማውን ብቻ ትከሉ» ሲል ቅር የምትለው ለዚህ ነው። ጓሮዋ ውስጥ አንድ ዓይነት ብቻ ከተተከለ አንድ በሽታ ሁሉንም ሊጠርገው ይችላል።

በሽታው ደግሞ አለ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 በአገራችን በሳይንስ ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ እስካሁንም ፈውስ አልተገኘለትም። የታመመ ተክል ይነቀላል፣ ይቀበራል፣ ያ ብቻ ነው። ዋነኛ መተላለፊያው መሣሪያ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ወይም በበረኪና ሳይታጠብ ጤነኛውን ከነካ በሽታውን ያዛምታል። ይህን ነጥብ አስታውሱልኝ፣ ወደ ማሽኑ ስንመጣ እንመለስበታለን።

የሥራው ክብደት ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ ወገቧን አጉብጣ ሰዓታት ታሳልፋለች። ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አራስም ብትሆን ቤቱ ምግብ ከጨረሰ ሥራው አይቀርም። ስለዚህ ሴቶች ተጠራርተው በደቦ ይሠራሉ፤ ዛሬ የአንዷ ጓሮ፣ ነገ የሌላዋ። በብዙ ቦታ መፋቁ ለወንድ ነውር ሆኖ ስለኖረ ባል ሊያግዝ እንኳ ቢፈልግ አጠገቧ አይቀርብም። ይህ ልማድ ከሃይማኖታችን የመጣ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ ጫማቸውንም ራሳቸው ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፋልናለች። ስለዚህ ማሽን መምጣቱ መልካም ነው። ማሽን ይቅር የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ቀን ቁጭ ብሎ ይፋቅ።

ልማዱ በሌላ ጎኑ ለሴቲቱ የሰጣት ነገር አለ። በእንሰት አካባቢ ጫቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ቡናውና ከብቱ ሲሸጥ ገንዘቡን የሚቀበለው በአብዛኛው ባል ነው። ቆጮ፣ ቡላና ቅቤ ግን የሴት ገበያ ናቸው። በቅጠል የተጠቀለለውን ቆጮ ተሸክማ የምትሄደው እርሷ ናት፣ ዋጋውን የምትከራከረው እርሷ ናት፣ ገንዘቡም በመቀነቷ ተቋጥሮ ይመለሳል። ከዚያ መቀነት ጨው፣ ሳሙናና ደብተር ይገዛል፤ ለመድረሳ ልጅም ኪታብ ይገዛል። ብሩ ብዙ አይደለም። ማንንም ሳታስፈቅድ የምታወጣው መሆኑ ነው ዋጋው። ገና አንድ ልጅ ሲታመምባት ባሏ ከገበያ እስኪመለስ መጠበቅ የለባትም።

እዚህ ላይ ሁለት አደጋዎች እየመጡ ነው። አንደኛው ከመሬቱ ነው። በጉራጌም፣ በሲዳማም፣ በሌሎችም ቦታዎች የእንሰት ጓሮ እየተነቀለ ጫትና ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ለቤተሰቡ በጠቅላላ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ሊጨምር ይችላል፣ ይህን መካድ አይቻልም። የገንዘቡ መግቢያ በር ግን ይቀየራል፤ ከመቀነቱ ወጥቶ ወደ ኮት ኪስ ይሄዳል። በሪፖርት ላይ «የቤተሰብ ገቢ አደገ» ተብሎ የሚጻፈው ነገር በቤት ውስጥ ሲታይ የእናትየው ገቢ መጥፋት ሊሆን ይችላል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የሚስትም ስም ከባሏ ጋር እንዲሰፍር መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ጓሮው ላይ ምን ይተከል በሚለው ውይይት ድምጿ ይሰማ አይሰማ ደብተሩ ብቻውን አይወስነውም።

ሁለተኛው አደጋ የእኛ ማሽን ነው።

አያቶቻችን እህል በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ከዚህ ድካም ተገላገሉ፤ አልሐምዱሊላህ። የወፍጮ ቤቶቹ ባለቤቶች ግን አቅም ያላቸው ወንዶች ሆኑ፣ ሴቶቹ ደግሞ ከፋይ ደንበኛ። በወፍጮ ጉዳይ ይህ ብዙ አልጎዳም፣ ምክንያቱም በቤት መፍጨት ለአብዛኞቹ ገቢ የሚያመጣ ሥራ አልነበረም፣ የጠፋው ድካሙ ብቻ ነው። ቆጮ ግን ይሸጣል። መፋቂያ ማሽን የገዛ አንድ ነጋዴ እንሰቱን ከነቁመናው ከባል ይገዛል፣ በወጣቶች ያስቆርጠዋል፣ በማሽን ያስፍቀዋል፣ በመኪና ጭኖ አዲስ አበባ ያወርደዋል። ሴቲቱ ከድካሙ ትድናለች፣ ከገቢውም ትወጣለች። እስካሁን ማሽኑ በሰፊው ስላልተዳረሰ ይህ በሁሉም ቦታ ሆኗል አልልም። ግን ሥራው «የሴት» የሚባለው ከባድና መሬት ላይ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ነው። ሞተር ሲገጠምለት «የወንድ» ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም። በነገራችን ላይ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገራችን የምርምር ተቋማት የእንሰት ማቀነባበሪያ መሣሪያዎች ሲሠሩ ቆይተዋል። እንግዲህ ከባዶ የምንጀምር አይደለንም፣ ጥያቄውም የሩቅ ጊዜ ጥያቄ አይደለም።

አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ ላምጣ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ እዚያ ቀድሞ ስለታየ ነው። በሞሮኮ ደቡብ ምዕራብ አርጋን የሚባል እሾሃማ ዛፍ አለ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የአማዚግ (በርበር) ሴቶች ፍሬውን አድርቀው፣ ልጠው፣ ጠንካራውን ቅርፊት በሁለት ድንጋይ መሃል ሰብረው፣ ውስጡን ቆልተው በእጅ ወፍጮ ፈጭተው፣ ከውሃ ጋር አሽተው ዘይት ያወጡ ነበር። የሥራው ረጅምነት ከእንሰቱ አያንስም፤ እንደ እንሰቱም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሴት ሙያ ነው። በራባት በሚገኘው የመሐመድ አምስተኛ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህርት የሆኑት ዙበይዳ ሸሩፍ ዘይቱን ሲያጠኑ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1996 በታማናር አካባቢ የመጀመሪያውን የሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲመሠረት አደረጉ። መጀመሪያ የገቡት በአብዛኛው ባል የሞተባቸውና የተፈቱ ሴቶች ነበሩ። በኋላ መጭመቂያ ማሽን ገባ። ቅርፊት መስበሩ በእጅ ቀረ፣ መጭመቁ በማሽን ሆነ፤ ውሃ ሳይጨመር ስለሚጨመቅም ዘይቱ ቶሎ የማይበላሽ ሆነ። ለእኛ ትልቁ ነጥብ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ማኅበሩ ቀደመ፣ ማሽኑ ወደ ማኅበሩ ገባ፣ ስለዚህ የማሽኑ ባለቤት የሴቶቹ ማኅበር ሆነ። የአርጋን ደኑ እ.ኤ.አ. በ1998 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዘገበ፣ ሙያውም በ2014 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ።

ታሪኩ ግን በደስታ ብቻ አልቀጠለም። ዘይቱ በአውሮፓ የመዋቢያ ገበያ ውድ ሲሆን ትልልቅ ነጋዴዎችና ኩባንያዎች ገቡበት። ብዙ ሴቶች ከማኅበር ውጭ ሆነው በሰበሩት ፍሬ ኪሎ ልክ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ሆኑ። ትርፉ ያለው በጠርሙሱና በስሙ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ከመንደሩ ርቆ ይገኛል። ማኅበር መመሥረት ጅምር ነው፣ ገበያው ላይ ካልተጠነከረ ግን ወደ ኋላ ይመለሳል። የእኛው ቡላም ዛሬ በከተማ ሱፐርማርኬት በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ያሸገው ማን ነው? ከፋቂዋስ በስንት ገዛ? ይህን ለመጠየቅ ሞሮኮ መሄድ አያስፈልግም።

«ባልና ሚስት አንድ ናቸው፣ የማን ኪስ ገባ ብሎ መቁጠር ምን ያደርጋል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ፍቅርና መተዛዘን እንዳለ ሆኖ ሸሪዓችን ግን ይቆጥራል። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ (4፥32) ወንዶችም ሴቶችም ከሠሩት የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ይናገራል። በዚያው ሱራ መጀመሪያ (4፥4) መህሩ የእርሷ እንደሆነ፣ በፈቃዷ ካልሰጠች በቀር ሌላ ሰው እንደማይነካው ተደንግጓል። የዐብዱላህ ኢብን መስዑድ ሚስት የዘይነብ (ረ.ዐ) ታሪክ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህች ሰሐቢያ በገንዘቧ ባሏንና የምታሳድጋቸውን የቲሞች ብትረዳ ሶደቃ ይሆንላት እንደሆነ በቢላል (ረ.ዐ) በኩል አስጠየቀች። መልሱ ሁለት አጅር አላት የሚል ነበር፤ አንዱ የዝምድና፣ ሌላው የሶደቃ። እስቲ አስቡት፦ ገንዘቧ ቀድሞውኑ የባሏ ቢሆን ኖሮ ለባሏ መስጠቷ እንዴት ሶደቃ ይሆናል? የራሷ ስለሆነ ነው መስጠት የተባለው። የእናታችን የዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ነገርም ይታወቃል። በእጇ ቆዳ ታለፋና ትሰፋ ነበር፣ ያገኘችውንም ትመጸውት ነበር። ከምእመናን እናቶች አንዷ በእጅ ሙያዋ ስትሠራ ገቢውንም ራሷ ታዝበት ነበር ማለት ነው። የቆጮ ገበያን «የሴት ነገር» ብሎ የሚንቅ ካለ ይህን ያስታውስ።

ባለቤትነቱ የሴቶቹ ይሁን ካልን የሚቀጥለው ጥያቄ ገንዘቡ ነው። እዚህ ላይ ሙስሊም ሴቶች ልዩ ችግር አለባቸው። በገጠር የሚገኘው አነስተኛ ብድር በአብዛኛው ወለድ ያለበት ነው፤ ወለድን የሚፈሩ እናቶች «አላህ ይጠብቀን» ብለው ይተዉታል። በዚህ ምክንያት የልማት ሠራተኛው «ተሳትፎ አነስተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ተሳትፏቸው ያነሰው ሐላሉ አማራጭ ስላልቀረበላቸው ነው።

ደግነቱ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ዕቁብ ያለ ወለድ የሚሠራ ቁጠባ ነው። በጉራጌና በአጎራባች አካባቢዎች ሴቶች ወተት ወይም ቅቤ በየተራ ለአንዷ የሚያዋጡበት ውጆ የሚባል ልማድም አለ። የአንዷ ላም ወተት ለቅቤ የማይበቃ ቢሆንም የሁሉም ሲጠራቀም ይበቃል። ይህ የተለመደ መተማመን ለማሽን መግዣም መሠረት ሊሆን ይችላል። ለስሌት ያህል ብቻ፦ 20 ሴቶች በሳምንት 200 ብር ቢያዋጡ 4,000 ብር ነው፤ በ30 ሳምንት 120,000 ብር ይሆናል። ማሽኑ ከዚያ በላይ ቢያወጣ ልዩነቱን ከወለድ ነፃ ባንክ ማሟላት ይቻላል። በአገራችን ባንኮች የወለድ አልባ መስኮት እንዲከፍቱ የተፈቀደው በ2004 ዓ.ም ነው፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀምሯል፣ ሌሎችም ተከትለዋል። ለእንዲህ ዓይነት ግዥ የሚስማማው ሙራበሓ ነው። ባንኩ ማሽኑን ራሱ ይገዛል፣ የገዛበትን ዋጋና የሚያተርፈውን ገልጾ ለማኅበሩ ይሸጣል፣ ማኅበሩ በየጊዜው ይከፍላል። የተስማሙበት ዋጋ ክፍያው ዘገየ ተብሎ አይጨምርም። ዋስትና በተመለከተም በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን ማስያዝ ስለሚፈቅድ ማሽኑ ራሱ መያዣ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ባንኮቹ አብዛኛውን ጊዜ የከተማ ነጋዴን እንጂ የገጠር ሴትን እንደ ደንበኛ አለማየታቸው ነው። ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄዶ ማመልከቻ መሙላት፣ ደረሰኝ ማስያዝ፣ በኅብረት ሥራ ሕግ መሠረት መመዝገብ፤ እነዚህን የሒሳብ አያያዝና የሕግ ተማሪዎቻችን ሊያግዙ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዲዛይኑ እንመለስ፤ ባለቤትነቱ ማሽኑን እንዴት እንደሚቀርጸው የሚታየው እዚህ ነው። ለአንድ ሀብታም ነጋዴ የሚሠራ ማሽን ትልቅ፣ ባለ ብዙ ፈረስ ጉልበት፣ በአንድ ቦታ የተተከለ ሊሆን ይችላል። የ20 ሴቶች ማሽን ግን ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። ስለዚህ ሁለት ሴቶች ሊሸከሙት የሚችሉት ክብደት ይኑረው፣ ወይም በጋሪ ወይም በአህያ የሚጓጓዝ ይሁን። መብራት በሌለበት እንዲሠራ ይሁን። ከጓሮ ጓሮ ስለሚዞር አጠውልግን እንዳያዞር በቀላሉ የሚፈታና የሚታጠብ ይሁን፤ ጭማቂ የሚጠራቀምበት ስርቻ አይኑረው። ፈጣን ቢሆንም የማይታጠብ ማሽን መንደሩን በአንድ በጋ ሊያሳጣው ይችላል። እንሰት እርጥብ ነው፣ ሲቦካም አሲድ ይሆናል፣ ተራ ብረት ደግሞ ይዝጋል፤ ምግቡን የሚነካው ክፍል የማይዝግ ብረት ወይም ጥሩ እንጨት መሆን አለበት። በምላጩና በመደገፊያው መካከል ያለው ክፍተት የሚስተካከል ይሁን፣ ምክንያቱም የውጩ ቅጠል ወፍራም የውስጡ ቀጭን ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ቃጫው ይበጣጠሳል፣ ሲሰፋ ምግቡ ከቃጫው ጋር ይቀራል። ቃጫው ለገመድና ለጆንያ የሚሸጥ ስለሆነ የተበጣጠሰ ቃጫ የጠፋ ገቢ ነው። እጅ የሚገባበት ቦታ መከለያ ይኑረው፤ የነጠላ ወይም የሒጃብ ጫፍ የሚይዝ ተሽከርካሪ ዘንግ ክፍት ሆኖ አይተው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ የፋቂዋን አለባበስ ያላየ ዲዛይነር አያስበውም። ጥገናውም በቅርቡ ከተማ ባለ ብየዳ ቤት የሚቻል ይሁን፣ መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ማሽኑ በመጀመሪያው ስብራት የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

እነዚህን ሁሉ ከመጻሕፍት ብቻ ማውጣት አይቻልም። እንሰት በብዛት የሚፋቀው በበጋ በመሆኑ የሰሚስተሩ እረፍት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከእንሰት አካባቢ የሆናችሁ እህቶች ከእናቶቻችሁ ጋር ስትውሉ ደብተር፣ ሚዛንና ሰዓት ያዙ። ወንድሞችም በነውሩ ምክንያት አትሽሹ፤ ቢያንስ በእህታችሁ በኩል ጠይቁ። አንድ ተክል ለመፋቅ ስንት ሰዓት፣ በስንት ሴቶች? ከአንድ ተክል ስንት ኪሎ ቆጮ፣ ስንት ቡላ፣ ስንት ቃጫ ወጣ? ጣውላው ምን ያህል ያዘነብላል? መጀመሪያ የሚደክማት ወገቧ ነው፣ እጇ ነው፣ ወይስ ሥሩን መከትከቱ? ማሽን ቢመጣ የትኛውን ሥራ ቢወስድላት ትወዳለች፣ የትኛውንስ ለማንም አትሰጥም? በገበያ ስንት ሸጠች፣ ነጋዴውስ እዚያው ምን ያህል አትርፎ ሸጠው? ዕቁብ ወይም ውጆ ካላት አባላቱ ስንት ናቸው፣ ከመካከላቸው መጻፍ የምትችል አለች?

የሰበሰባችሁትን ስም ሳትጠቅሱ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለጀመዓው የትምህርት ክፍል አስረክቡ። የሚመጣው ዓመት ተመራቂዎች ርዕሳቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት እንዲደርሳቸው በኢንሻአላህ እናመቻቻለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።